ስለ ጊዜ አጠቃቀም የተደረገ ስብሰባ

«ከሥራሽ ሁሉ የሚቀድመው የቱ ነው?»

ጣቢታ ለዚህ ጥያቄ ያን ጊዜ መልስ አልነበራትም። የጠየቃት የቀበሌው ካድሬ ጓድ ወንዳፈረው ነበር። ቦታው ሆሳዕና፣ የቀበሌው አዳራሽ፤ የስብሰባው ርዕስ ደግሞ «ጊዜን በዕቅድ ስለ መጠቀም»። ከእሷ በፊት የተጠየቁት ሴቶች ሁሉ «አብዮቱ!» እያሉ፣ ተጨብጭቦላቸው ተቀምጠዋል። ጣቢታ ግን መሠረተ ትምህርት ገብታ ፊደል ከቆጠረች ወዲህ፣ አስተማሪ ሲጠይቅ መልሱን ፈልጎ ይመስላታል። ስለዚህ ቆማ አሰበች።

እውነት፣ የቱ ይቀድማል? የምትታለብ ላም አለች። ለቆጮ ተፍቆ ጉድጓድ ያልገባ እንሰት አለ። የሴቶች ማኅበር ስብሰባ አለ፣ የቀበሌ ስብሰባ አለ፣ ማታ ማታ ፊደል አለ። በዚያ ላይ ልጇ ጵርስቅላ ዛሬ ለነርስነት ትምህርት አዲስ አበባ ትሄዳለች። አውቶቡሱ ሲሞላ ይነሣል።

ትናንት ጵርስቅላ ልብሷን እያጣጠፈች፣ «አትድከሚ እማዬ፤ አትመጪም» ብላታለች። «ስድስተኛን ሳልፍ ስብሰባ ነበርሽ። ስምንተኛን ሳልፍም ስብሰባ ነበርሽ። ሳገባም ወኪል ትልኪያለሽ።» ጣቢታ፣ መማል ኃጢአት ነው የምትለዋ ሴት፣ ብትሞትም እንደምትመጣ ማለችላት።

«እንግዲህ?» አለ ካድሬው።

«እያሰብኩ ነው ጓድ።»

«ይሄ የሚታሰብበት አይደለም! ተቀመጪ!»

ከዚያ ጠመኔ አንሥቶ ቀኑን ሰሌዳው ላይ ለሦስት እኩል ከፈለው፤ ለሥራ፣ ለትምህርት፣ ለዕረፍት።

ጎረቤቷ ወለተ ማርያም ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። «ላሟስ የምትታለበው በየትኛው ነው?»

«ልጠይቀው እንዴ?» አለች ጣቢታ ከልቧ።

«ኧረ ዝም በይ! ላሟ ቀርታ እኛ እንታለባለን።»

ጓድ ወንዳፈረው ሰዓቱን አየና ጉሮሮውን ጠረገ። «አስቸኳይ የድርጅት ጉዳይ ገጥሞኛል። እስክመለስ ማንም እንዳይወጣ። ጊዜያችሁንም አታባክኑ» ብሎ ወጣ። ሴቶቹም በባዶው ወንበር ፊት፣ ጊዜ ሳያባክኑ ተቀመጡ።

ከመናኸሪያው በኩል የአውቶቡስ ክላክስ ተሰማ። ጣቢታ ብድግ አለች። በሩ ላይ አብዮት ጠባቂው ዳኘ ጠመንጃውን አግድሞ ቆሟል።

«ወዴት ነው እትዬ ጣቢታ?»

«መናኸሪያ።»

«ምነው! ሽንት ቤት በይኝ እንጂ፤ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለኝ።»

«ልጄ ልትሄድብኝ ነው። ውሸት ደግሞ አይሆንልኝም።»

«በቃ እኔ እዋሽልሻለሁ። ሽንት ቤት ነሽ። ሩጪ!»

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ሮጠች። መናኸሪያው በተሸካሚና በትኬት ሻጭ ጩኸት ተሞልቷል። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቷል። በፊተኛው መስኮት ስር አንድ ሰው ተንጠራርቶ የአንዲት አሮጊት ጋቢ ያስተካክላል።

«መስኮቱን ዝጊ እማዬ፣ ብርድ ይመታሻል።»

«አንተ ልጅ፣ ሥራ የለህም እንዴ?» አሉ አሮጊቷ።

«ዛሬ ሥራ የለኝም እማዬ» አለና ዞር ሲል፣ ከጣቢታ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ጓድ ወንዳፈረው ነበር።

«ስ... ስብሰባውስ?»

«እየተካሄደ ነው ጓድ። ሁሉም እርስዎን እየጠበቁ ነው።»

«እኔ አላየሁሽም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እኔ ግን አይቼዎታለሁ» አለች ጣቢታ። «እናትዎ ናቸው? እግዚአብሔር በሰላም ያግባቸው።»

አሮጊቷ «አሜን!» ሲሉ፣ ካድሬው መሬት መሬት አየ። ጣቢታ አልፋው ወደ ኋለኛው መስኮት ሮጠች።

«እማዬ!» አለች ጵርስቅላ። «ስብሰባው ተበተነ?»

«አልተበተነም። ጥዬ ወጣሁ።»

ጵርስቅላ እጇን በመስኮት አውጥታ የእናቷን እጅ ያዘች፤ ረዳቱ «እጅ ወደ ውስጥ!» ብሎ እስኪጮህባት አልለቀቀችም።

አውቶቡሱ ጵርስቅላንና የካድሬውን እናት ይዞ ሄደ። ጣቢታና ጓድ ወንዳፈረው መናኸሪያው ውስጥ ቀሩ። ሴቶቹም አዳራሹ ውስጥ፣ እንደተቀመጡ።