የግንቡ ስሌት

ግንቡ ሆዱን መንፋት የጀመረው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። የካ አባዶ ውስጥ ከአንዱ ኮንዶሚኒየም ጀርባ ኮረብታውን ደግፎ የቆመ የድንጋይ ግንብ ነው፤ ከሥሩ አራት የቆርቆሮ ሱቆች ተጠግተውት ነበር። ሦስተኛዋ የሸምሲያ ነበረች። ሸምሲያ ባሏ ከሞተ ወዲህ በዚያች ሱቅ ምስርና ዘይት፣ ሳሙናና ሻማ እየሸጠች ልጇን ሳጂዳን ምህንድስና አስጨርሳለች።

ሳጂዳ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷን ለማገዝ ሱቅ ትውላለች። አንድ ቅዳሜ የዘይት ጄሪካን ልታነሳ ጎንበስ ስትል፣ የኋላው ቆርቆሮ ወደ ውስጥ ተገፍቶ አየችው። ወጥታ ግንቡን ከጎን ተመለከተች። መሐሉ አብጧል። ከላይ እስከ ታች በሰያፍ ተሰንጥቋል፤ ከስንጥቁ ጭቃ የቀላቀለ ውሃ ይንጠባጠባል።

"እማ፣ ይሄ ነገር ይወድቃል።"

"አምናም እንዲህ ነበር" አለች ሸምሲያ፣ ምስር እየሰፈረች። "አላህ ይዞታል።"

ሰኞ ጠዋት ሳጂዳ ጉዳዩ ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ሄደች። አቶ መኩሪያ የሚባሉ ሸምገል ያሉ ኃላፊ በትዕግሥት ሰሟት።

"እኔም አይቼዋለሁ፣ ልጄ" አሉ። "ግን በዓይኔ አይቼ አራት ሱቅ ይነሳ ብል ነገ ከሳሼ ብዙ ነው። አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ስሌት አምጪልኝ። ቁጥር ካለ በማግሥቱ ደብዳቤ እጽፋለሁ።"

"ሲነሱ ሌላ ቦታ ይሰጣቸዋል?"

"እሱ በሂደት የሚታይ ነው።"

ሳጂዳ ያን መልስ ልብ አላለችውም። ልቧ ስሌቱ ላይ ነበር።

ስሌቱን የሚሠራ ፕሮግራም አላት። የማስተርስ ጥናቷ በዚሁ ኮረብታ አፈር ላይ ስለነበር ራሷ ጽፋዋለች። ግንቡንና አፈሩን በሺህ በሚቆጠሩ ቁርጥራጮች ይከፋፍልና ለእያንዳንዱ እኩልታ ያወጣል። እኩልታዎቹን አንድ ላይ የሚፈታቸው ግን እሱ አይደለም፤ የውጭ ሰዎች ከብዙ ዓመታት በፊት ጽፈው ለሚፈልግ ሁሉ በነፃ የለቀቁት የሒሳብ ላይብረሪ፣ ማለትም የዝግጁ ፕሮግራሞች ስብስብ ነው። ዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ስላገኘችው ከየት እንደመጣ እንኳ ጠይቃ አታውቅም። ከተመረቀች ወዲህ ያ ኮምፒውተር አይፈቀድላትም፤ አሮጌው ላፕቶፗ ላይ ደግሞ ላይብረሪው የለም።

ከመሥሪያ ቤቷ የሦስት ቀን ፈቃድ ወሰደች። ዝናቡ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል።

ማክሰኞ በዚያው ኮንዶሚኒየም ካለው ቤታቸው ቁጭ ብላ ላይብረሪውን ከኢንተርኔት ማውረድ ጀመረች። ሰማንያ በመቶ ሲደርስ ኔትወርኩ ጠፋ። እንደገና ጀመረች፤ ስድሳ ላይ ቆመ። ሦስተኛው ላይ ስልኳን ይዛ ደረጃ ለደረጃ እስከ አራተኛ ፎቅ ወጣች። አልሆነም። ረቡዕ ጠዋት ታክሲ ይዛ መገናኛ፣ ከመገናኛ ተሰልፋ ቦሌ ሄደች። አብሯት የተማረው ያቤጽ እዚያ አንድ ቢሮ ውስጥ ይሠራል፤ ኢንተርኔታቸው አይቆራረጥም። ያቤጽ በሁለት ደቂቃ አውርዶ ፍላሽ ላይ ጫነላት።

"ይኸው፣ ነፃ ነው" አላት እየሳቀ። "ምን አስጨነቀሽ?"

ቤት ስትደርስ ፍላሹን ከፈተችው። የመጣው ገና ያልተዘጋጀ የፕሮግራም ጽሑፍ ነው፤ ኮምፒውተሩ እንዲገባው የሚተረጉም ሌላ ሶፍትዌር ያስፈልጋል። እሱም በነፃ ይገኛል፤ እሱም ከኢንተርኔት ነው። ሐሙስ ጠዋት እንደገና ወደ ቦሌ ሄደች። በዚህኛው ጉዞ ያቤጽ ስብሰባ ላይ ስለነበር ኮሪደር ላይ ሁለት ሰዓት ጠበቀችው። በመስኮት ዝናቡን እያየች ለእናቷ ደወለችላት።

"ሱቅ ነሽ?"

"የት ልሁን ታዲያ?"

"እማ፣ ዛሬን ብቻ ዝጊው።"

"ዘይት ሊያወርዱልኝ ነው፣ ሳጂ። ነገ እዘጋለሁ፣ ኢንሻአላህ።"

ከሰዓት በኋላ መተርጎሚያውን ይዛ ቤት ገብታ ትርጉሙን ስታስጀምር ላፕቶፑ እንደ ምጣድ ጋለ። የፋይል ስሞች በስክሪኑ ላይ በፍጥነት ያልፋሉ፤ ሳጂዳ ከመቶ አንዱን እንኳ አታውቀውም። ግማሽ ላይ መብራት ሄደ። ባትሪው ከሞተ ከርሟልና ሁሉም ነገር ጠፋ። መብራት እስኪመጣ መስኮት ላይ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ሆና ግንቡ አይታያትም፤ የሱቆቹን ጣራ ብቻ ታያለች። እነሱን ቆጠረች። አራት ናቸው።

መብራት ሲመጣ ከመጀመሪያው ጀመረች። በዚህኛው ዙር ጨረሰ። ከላይብረሪው ጋር በትክክል መጫኑን የሚያረጋግጡ ፈተናዎች አብረው ይመጣሉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ስሌቶች ናቸው። ሁሉንም አስኬደቻቸው። ሦስቱ ወደቁ።

መመሪያውን አነበበች። በአንዳንድ ኮምፒውተሮች ጥቂት ፈተናዎች በትንሽ ልዩነት ሊወድቁ እንደሚችሉ፣ ይህም ብዙውን ጊዜ እንደማያሳስብ ይላል። "ብዙውን ጊዜ" የሚለው ላይ ደጋግማ ተመለሰች። ማንን ትጠይቅ? ያቤጽ ይህን አያውቅም። አስተማሪዋ ውጭ አገር ናቸው። የጻፉት ሰዎች በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አታውቅም።

ለመሞከር የድሮ ጥናቷን አንድ ምሳሌ ሰጠችው። ዩኒቨርሲቲ ሳለች መልሱ 1.21 ነበር፤ አሁን 1.18 ወጣላት። እንዲህ ያለው ቁጥር ከአንድ ከበለጠ ግንብ ይቆማል፤ ካነሰ ይወድቃል። ቀጥላ የእናቷን ሱቅ የተጫነውን ግንብ ልኬት አስገባች።

0.98።

ላፕቶፑ እንደቅድሙ በሦስት መቶኛ ዝቅ አድርጎ ከሆነ የግንቡ ቁጥር ከአንድ በላይ ነው፤ ጨርሶ አይወድቅም። ካልተሳሳተ ደግሞ እስካሁን መውደቅ ነበረበት። ውጭ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣራውን ይቀጠቅጣል።

ዓርብ ጠዋት ወረቀቱን አቶ መኩሪያ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

"ስህተት ሊኖርበት ይችላል" አለቻቸው። "ሶፍትዌሩ በትክክል መጫኑን እርግጠኛ አይደለሁም። የሚጠየቅ ሰው አላገኘሁም።"

"ከአንድ ያንሳል ወይስ አያንስም?"

"ያንሳል። ግን..."

"ይበቃል" አሉ፤ ብዕራቸውን አነሱ። ፊታቸው ላይ እፎይታ አየች።

ማክሰኞ ዕለት ሱቆቹ ተነሱ። ሠራተኞቹ ቆርቆሮውን ሲነቅሉ ሸምሲያ ከአጠገባቸው ቆማ ሚስማሮቹን ትለቅም ነበር። ጎረቤቷ ልብስ ሰፊው ተስፉ የስፌት መኪናውን ተሸክሞ ሲያልፍ ሳጂዳን በአገጩ ብቻ ሰላም አላት። ሌላ ቦታ እንዲሰጣቸው አራቱም ማመልከቻ አስገቡ። ማመልከቻው ተቀባይነት አግኝቷል፣ ጠብቁ ተባሉ።

ሐምሌ አለፈ። ነሐሴ በከባድ ዝናብ መጣ፤ ሲኤምሲ መንገድ ላይ መኪኖች ውሃ ውስጥ ቆሙ። ግንቡ አልወደቀም። ሸምሲያ የተረፈውን ዘይትና ሳሙና ኮሪደር ላይ ደርድራ ለጎረቤት ትሸጥ ጀመር፤ የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ደረጃ ዘጋሽ ብሎ ያን አስነሳት። ሳጂዳን አንድም ቀን አልወቀሰቻትም። ብትወቅሳት ይሻላት ነበር።

ሳጂዳ ሥራ ስትሄድም ስትመለስም በግንቡ በኩል ታልፋለች። ባዶው ቦታ ላይ ሣር በቅሏል። እብጠቱን ታየዋለች፤ አንዳንዴ ውስጧ "ውደቅ" ይላል፤ ወዲያው "አስተግፊሩላህ" ብላ አላህን ይቅርታ እየለመነች ትሮጣለች።

ጳጉሜን ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስትመለስ እናቷን እዚያው ቆማ አገኘቻት። ነጠላዋ በካፊያው ረጥቧል።

"የዚያን ጊዜ ቁጥሩ ምን ነበር ያለው?" አለች ሸምሲያ፣ ዓይኗን ከግንቡ ሳታነሳ።

"እንደሚወድቅ።"

"መቼ?"

"እሱን አይናገርም፣ እማ።"

ሸምሲያ የረጠበውን ነጠላዋን አራግፋ መልሳ ተከናነበችና ወደሚኖሩበት ብሎክ አቅጣጫ ቀደም ብላ ሄደች። ሳጂዳ ተከተለቻት።