አዋላጇ ለልጃቸው ያልነገሩት

«ኧረ ቀስ በሉ፣ ለቅሶ ቤት ነው!» አለች የሟቿ አዋላጅ እህት፤ ራሷም ሳቋ አምልጧት አፏን በሻርፗ አፍናለች።

ያሳቀቻቸው ልብስ ሰፊዋ ናት። «እውነቴን ነው! የመጀመሪያዬን ሳረግዝ ያ ፈሪ ባሌ ልጁን እጨፈልቀዋለሁ ብሎ ሳሎን ተኛ። አዋላጇ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በር ላይ ጠርተው ‹አንተ! ደህና ናት፤ እሷ ደስ ካላት ግባ ወደ መኝታህ፣ ልጁ አያይህም› አሉት። ስወልድ ደግሞ አላስችል አለው። መልሰው ጠሩት። ‹አርባ ሲሞላ ተፈቀደ እንጂ ግድ ሆነ አልተባለም። ቁስሏ ይዳን፣ ራሷ እሺ ትበል› አሉት። ላቡ ጠብ ጠብ!»

የሟቿ ምራት ጥግ ያለው ፍራሽ ላይ ልጇን እያጠባች ትሰማለች። ደክሟታል። ልጁን ያዋለዷት፣ የተቀደደችውንም የሰፉላት ሟቿ አማቷ ናቸው። ዛሬ እሳቸው ከሞቱ ሦስት ቀን፣ እሷ ከወለደች አርባ ቀን ሆነ። ስትቀመጥ እንኳ ያማታል።

የሟች እህት ጠጋ ብላ ሹክ አለቻት። «አርባሽ ሞላ አይደል? ታጠቢና ባልሽን አጽናኚው እንጂ። እናቱን ያጣ ሰው ነው። እምቢ ብትዪው ኀጢአቱ ባንቺ ነው።»

ምራት ልጇን ወደ ሌላው ጡቷ አዞረች። ባለፈው ሳምንት አማቷን ለምናቸው ነበር። «እማዬ፣ ገና እንዳልዳንኩ ለልጅዎ እርስዎ ይንገሩልኝ። እኔ አፌን ይይዘኛል።» የሰፈሩን ባል ሁሉ ያርበደበዱት ሴትዮ ያን ቀን መሬት መሬት አዩ። «ለሱ? ያጠባሁት ልጅ እኮ ነው፣ በምን ዐይኔ!» ቆይተው ደግሞ «እሺ በቃ፣ ጁምዓ እነግረዋለሁ» አሏት። ጁምዓ ሳይደርስ ልባቸው ቆመ።

ከዙሁር ሶላት በኋላ እንግዳው ሳሳ። ሹፌሩ ባሏ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ሲቀበል ቆይቶ ዐይኑ ቀልቶ መጣና አጠገቧ ዘፍ አለ።

«ዛሬ አርባ ነው አይደል?»

አክስቱ ከማድ ቤት በር አንገቷን አስግጋለች፤ ወሬ ሊያመልጣት!

«ነው። ግን ገና ያመኛል። አልችልም። እናትህ ሊነግሩህ ነበር፣ አፈሩ።»

«እማዬ? አፈረች?» ሳቅ ጀምሮ እንባው ቀደመው። «የሰዉን ባል ሁሉ ስታሸማቅቅ!»

«ባንተ ነው ያፈሩት።»

እንባውን በመዳፉ ጠረገ። «እኔ እኮ አርባሽ ሞልቶ ሶላት ስትጀምሪ ዱዓ እንድታደርጊላት ብዬ ነው። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ሌላውንም አስቤ ነበር። መቼ ይሻልሻል?»

«እንጃ። ሲሻለኝ እነግርሃለሁ።»

«እሺ። እስከዛ ምንድነው ደህና የሚያደርግሽ?»

«ለብ ያለ ውሃ ውስጥ መቀመጥ። ከሳቸው ወዲህ ያሞቀልኝ ሰው የለም።»

ተነሥቶ አክስቱን በትከሻው ገፋ አድርጎ አለፈ። ሳፋውን ለብ ባለ ውሃ ሞልቶ ተመለሰና በሩን በእግሩ ዘጋ። እጅጌውን ሰብስቦ ሙቀቱን ሊለካ ክርኑን ውሃው ውስጥ ነከረ፣ ልክ እንደ አዋላጅ። ማንም አላስተማረውም፤ ልጅ ሆኖ እናቱን አይቶ ነው።

ውሃው ልኩ ነበር። እሱ ግን ክርኑን አላወጣም።