የዕድራችን ቦንድ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። ስለዚህ የካዛንቺስ ዕድራችን ገንዘብ ያዥ አድርጎ ሲመርጠኝ ማንም አልተከራከረም። ከአራት ዓመት በፊት የዕድሩን ተቀማጭ፣ ስድስት መቶ ሺህ ብር፣ የሰባት ዓመት የመንግሥት ቦንድ እንግዛበት ስልም ማንም አልተከራከረም። ለቀብር ወርኃዊው መዋጮ ይበቃናል፤ ቦንዱ ደግሞ በዓመት ዘጠኝ በመቶ ይወልዳል አልኳቸው። አጨበጨቡልኝ። ጭብጨባ እወዳለሁ፣ አልዋሽም።

ከዚያ ሁለት ነገር ሆነ። ብሔራዊ ባንክ የኑሮ ውድነቱን ለመግታት ብሎ የወለድ ተመኑን አስራ አምስት በመቶ አደረገው። ሰፈራችን ደግሞ ለልማት ፈረሰና ሰዉ ግማሹ ገላን፣ ግማሹ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ተበተነ። ካዛንቺስ የቀረነው ጥቂት ነን። ብዙም ሳይቆይ "ዕድሩ ይፍረስ፣ ገንዘቡን እንካፈል" የሚል ወሬ በስልክ መዞር ጀመረ።

ለመካፈል ቦንዱ መሸጥ አለበት። ባንክ ለምትሠራው ልጄ ለልዩ፣ ገዢ እንድታፈላልግልኝ ነገርኳት።

"አባዬ፣ ከመቶው ሰማንያ አራት ብር ነው የሚሰጡት" አለችኝ።

"ምን? የመንግሥት ቦንድ እኮ ነው! መንግሥት ከሰረ እንዴ?"

"አልከሰረም። ግን ዛሬ አዲስ የሚወጣው አስራ ስድስት በመቶ ይከፍላል። ያንተን ባለ ዘጠኙን በሙሉ ዋጋ ማን ይገዛዋል? ቅናሽ ይፈልጋላ። ማለቴ፣ የቀረውን ሦስት ዓመት ከጠበቅክ መቶው መቶ ሆኖ ይመለሳል። አሁን ልሽጥ ካልክ ነው የምትከስረው፣ በቃ።"

ወረቀት አውጥቼ ራሴ አሰላሁት። ልጅቷ ልክ ናት። ተመን ከፍ ሲል የቆየ ቦንድ ዋጋው እንደሚወርድ አንድ ጎበዝ የአስረኛ ክፍል ተማሪ በሦስት መስመር ያሳየኛል። እኔ ስገዛ ግን ተመኑ እድሜ ልኩን ባለበት የሚቆም መስሎኝ ነበር። ዘጠና ስድስት ሺህ ብር ኪሳራ! በጣም አፈርኩ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከፈረሳው በተረፈችው የዕድሩ ዕቃ ቤት ተሰበሰብን። ከገላን የመጡት ሦስት ታክሲ ቀያይረው ስለነበር ገና ሳይጀመር ተነጫንጨዋል። በድንኳኑ ጥቅልና በብረት ድስቶቹ መሃል ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ።

የዕድሩ ዳኛ አቶ አስገዶም መነጽራቸውን አወለቁ። "ጋሽ ታዲዎስ፣ እኛ ቀባሪዎች ነን እንጂ ነጋዴዎች ነን እንዴ? ማን ቁማር ይጫወቱ አለዎት?"

ቁማር አልነበረም። ግን ያን ሰዓት ማስረዳት ማስተባበል ይመስላል። ጉድለቱን ከኪሴ ልተካ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ጡረታዬ ስንት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ ተውኩት።

እማማ ትበርህ እጃቸውን አነሱ። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ባልም ልጅም የላቸውም። ከአንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ተነሥተው ገላን አራተኛ ፎቅ ደርሷቸዋል።

"ካልተሸጠስ?" አሉኝ።

"ሦስት ዓመት እንጠብቃለን፣ እማማ። ሙሉውን እናገኛለን።"

"እስከዚያ ዕድሩ አይፈርስም?"

"የጋራ ገንዘብ ይዘን እንዴት እናፈርሰዋለን?"

"እንግዲያው እኔ አይሸጥ ባይ ነኝ። እዚያ ፎቁ ላይ ጎረቤቴ ስሜን እንኳ አያውቅም። ብሞት ማነው ድንኳን የሚተክልልኝ?"

አቶ አስገዶም ድምፅ አሰጡ። ግማሹ ኪሳራውን ፈርቶ፣ ግማሹ እማማን አይቶ እጁን አወጣና አይሸጥም ተባለ። መዋጮውን ያለንበት ሆነን በስልክ እንድንልክ፣ ቀብር ሲኖር አውቶቡስ ተከራይተን እንድንሄድ ተስማማን። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ በገዛ ስህተቴ መደሰቴ አሳፈረኝ።

እማማ ትበርህን ክንዳቸውን ደግፌ እስከ ታክሲው ሸኘኋቸው። መሃል መንገድ ላይ ቆም አሉ።

"ሦስት ዓመቱ ሲያልቅ እኔ ብኖርስ?"

"ይኖራሉ እንጂ!"

"እኮ! ያኔ መልሰው እንካፈል ይላሉ።" እጄን ጠበቅ አድርገው ያዙኝ። "አንተ የተማርክ ነህ፣ ታዲዎስ። ከአሁኑ ሌላ ቦንድ ፈልግ። ሲሸጡት የሚያከስር ይሁን።"