ደረት ዘጠና ሁለት

«በዚህ ሰዓት አይጠየቅም፤ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ» አለች ጥቁር ሻሽ ያሰረችው ደንበኛ፣ ወንበሯን ወደ ልብስ ሰፊዋ እየሳበች። «ግን እህትሽ ያሠራችበትን ቦታ ታውቂዋለሽ? ለኔ እንዳይመስልሽ። ለልጄ ነው፤ ሠርጓ ደርሷል።»

ልብስ ሰፊዋ ያነሣችው ሻይ አፏ ሳይደርስ ቀረ። እህቷ ከተቀበረች ገና ሦስተኛ ቀኗ ነው።

«የምን ቦታ?» አለች፣ እያወቀች።

ሴትዮዋ ግራ ቀኙን ቃኝታ የገዛ ደረቷን በጣቷ ነካ አደረገች። «ያው… ጡቷን ነዋ። በጣም አምሮላት ነበር አሉ። ልቧ ባይከዳት ኖሮ!» ብላ ከንፈሯን መጠጠች።

ልቧ! ይህ ምንም ያላጠፋ ልብ ሦስት ቀን ሙሉ ሲታማ ሰነበተ። ወሬውን ያመጡት እናቷ ናቸው። ከሆስፒታል እንደተመለሱ የመኝታ ቤቱን በር ዘግተው፣ «ልብ ነው። የሚጠይቅ ሁሉ ልብ ነው ይባል። ልጄን በጡት ሞተች አታስብሉብኝ» አሉ። ልጇን ከምትቀብር እናት ጋር ማን ይሟገታል? ልብስ ሰፊዋ እሺ አለች።

«አላውቀውም» ብላ ተነሣች። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ሻዩ ፈሰሰ፤ አልጠረገችውም።

ሳሎኑ ከጎረቤት በመጣ ወንበር ተጣቧል። ሁሉም ጫማውን እያየ ያንሾካሹካል። በር ላይ ደግሞ አጎታቸው ገና መድረሳቸው ነው፤ «ሳንቃዬ! ወይኔ ሳንቃዬ!» እያሉ ጭንቅላታቸውን ይይዛሉ። ሴቶቹ ለቅሶውን ተቀበሏቸው። ልብስ ሰፊዋ ጆሮዋን ይዛ ወደ ስፌት ክፍሏ ገባች።

ሳንቃ የሚለውን ስም ያወጣችው እሷ ናት፤ ሌላ ማንም አይደለም። ያኔ የመጀመሪያዋን የስፌት መኪና የገዛች ሰሞን ነው፣ ታናሽ እህቷ አሥራ አራት ዓመቷ። ሜትሩን ደረቷ ላይ አዙራ ቁጥሩን አየችና «ወይ ጉድ! አንቺ እኮ ሳንቃ ነሽ፤ ፊትሽና ጀርባሽ በምን ይለያል?» አለቻት። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ልጅቷም ሳቀች፣ እንዲያውም ከሁሉ በላይ። በማግስቱ አጎት ያዙት፣ በሳምንቱ ሰፈሩ። ሳንቃ ሲሏት አቤት ትላለች። አሥራ ሁለት ዓመት አቤት አለች፤ እህትየዋ አንድ ቀን እንኳ ፊቷን ልብ ብላ አላየችም።

አድጋ እዚሁ ስፌት ክፍል ገባች። ደንበኛ መቀበልና ልክ መመዝገብ የሳንቃ ሥራ ሆነ። ድሮ ሴቶቹ «ደረቱ ላይ ስፖንጅ ጨምሪልኝ» ይሉ ነበር፤ ይጨመርላቸዋል፣ ቀሚሱን ሲያወልቁ ስፖንጁም አብሮ ይወልቃል፣ ማንም አይጎዳም። ከሁለት ዓመት ወዲህ ስፖንጅ የሚጠይቅ ጠፋ። ሰማንያ አራት የነበረችው ከሁለት ወር በኋላ ዘጠና አራት ሆና ትመጣለች፤ ወገብ ያው፣ ዳሌ ያው። መዝገቡ ላይ የደረት ቁጥር ብቻ ይሰረዛል፣ ይጻፋል። የሚሰርዘውም የሚጽፈውም የሳንቃ እጅ ነው። ሴቶቹ መስታወቱ ፊት ይዞራሉ፣ ይስቃሉ፣ «ቀላል ነው እኮ፤ ጠዋት ገብተሽ ከሰዓት ትወጫለሽ» ይሏታል። እሷ ሜትሩን ትጠቀልላለች።

ከዕለታት አንድ ቀን ቁራጭ ወረቀት ይዛ መጣች።

«እትዬ፣ አንዲት ደንበኛ አለች። መምጣት አይመቻትም። ሰማያዊ ቀሚስ ነው የምትፈልገው፣ ልኳ ይኸው።»

ትከሻ ሠላሳ ሰባት። ወገብ ስልሳ አራት። ዳሌ ዘጠና። ደረት ዘጠና ሁለት።

ልብስ ሰፊ ሰውን በፊቱ ብቻ አይደለም የሚያውቀው። ሠላሳ ሰባት፣ ስልሳ አራት፣ ዘጠና፤ ይህን ገላ ከልጅነቱ ጀምራ የሰፋችለት ናት። ሰማንያ መሆን የነበረበት ደረት ብቻ ነው ዘጠና ሁለት የሆነው።

«ማን ናት?» አለች።

«አታውቂያትም።»

አላውቃትም? እሺ! ደሟ ፈላ። እኔን፣ ታላቅ እህቷን፣ እንደ ባዳ! ካልነገረችኝ አልጠይቃትም አለች በሆዷ፣ እስቲ እናያለን ማን እንደሚቸኩል። ጨርቁን ዘርግታ ስትቆርጥ ግን ግራ ትከሻውን በአንድ ሴንቲ ዝቅ አደረገችው። ሳንቃ ሕፃን ሆና ከደረጃ ወድቃ ግራ ትከሻዋ ዝቅ ብሎ ነው የዳነው፤ ወረቀቱ ላይ ይህ አልተጻፈም። ቀሚሱን ስታየው ማወቄን ታውቃለች፣ ያኔ ራሷ ትናገራለች ብላ ነበር። እንዲህ ያለ ብልጠት!

ሳንቃ «ጓደኛዬ ጋ ሁለት ቀን ልደር» ብላ ሄደች። ስትመለስ ሰፊ ሹራብ ለብሳለች። ቀሚሱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ጠጋ ብላ ግራ ትከሻውን በጣቷ ዳበሰችው፣ ቆየች፣ ከዚያ ዞር ብላ እህቷን አየቻት። እህትየዋ አንገቷን ደፍታ መኪናውን መርገጧን ቀጠለች። ትንገረኝ እንጂ ያለ ሰው ቀና ማለት አልነበረበትም? አላለችም።

«ሰማያዊውን ክር ከላይኛው መደርደሪያ አውርጂልኝ» አለቻት፣ ሆነ ብላ።

ሳንቃ ቀኝ እጇን እስከ ጆሮዋ አነሣችና መለሰችው። ግራዋ ጭራሽ አልተነሣም። ግንባሯ ላይ ላብ ነበር።

«ብርድ መትቶኝ ነው እትዬ።»

ልብስ ሰፊዋ ተነሥታ ክሩን ራሷ አወረደች። ከዚያም ተመልሳ አኮረፈች። ያውም በእንደዚያ ያለ ሰዓት!

ከተሠራች በስድስተኛው ቀን ሆስፒታል ሲያስገቧት ዶክተሩ ሹራቡን በመቀስ ቀደደው። ቁስሉ አመርቅዞ ወደ ደሟ ገብቷል። የሠሩላት ሰዎች ስትደውልላቸው «ያለ ነው፤ ማስታገሻ ውሰጂ» ይሏት እንደነበር ከስልኳ ላይ ተገኘ። ዶክተሩ «ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ብታመጧት» ብሎ ጀመረና ተወው።

ልብስ ሰፊዋ ይህን እያሰበች ከቀሚሱ ፊት እንደቆመች በሩ ተንኳኳ። የአክስቷ ልጅ ናት፣ ባንክ ቤት የምትሠራው፤ ከሟቿ ጋር ሲበሉም ሲገዙም አይለያዩም ነበር። ዓይኗ አብጧል። ልብስ ሰፊዋን አቅፋ አለቀሰች፣ ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቆጪኝም? የኔም ቀጠሮ ሐሙስ አራት ሰዓት ነው። አብረን ነበር ያስመዘገብነው። ልሰርዘው ነበር፤ ግን እሷ ባትሞት ኖሮ እጄን ይዛኝ ትገባ ነበር። ለሷ ስል ልግባ?»

«እዚያው ቦታ?»

«እዚያው። ለሷ እኮ ጥሩ አድርገው ነው የሠሩላት።»

«የገደሏት እነሱ ናቸው!» ልብስ ሰፊዋ መጮኋን ያወቀችው ሳሎኑ ጸጥ ሲል ነው። ድምጿን ዋጥ አደረገች። «ልብ የሚባል ነገር የለም። ቁስሉ ነው የመረዛት። ዶክተሩ ነግሮናል።»

ባንክ ሠራተኛዋ ወደኋላ አለች። «አክስቴ ልብ ነው አሉ እኮ። ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። እና እሳቸው ይዋሻሉ?»

«ይዋሻሉ!»

«ተይ እትዬ።» የልጅቷ ፊት ጠቆረ። «ሳንቃ እያልሽ ያሳደግሻት አንቺ ነሽ። አንድ ቀን ቢያምርባት ምን ነበረበት? አሁንም የኔ ማማር ነው የማይዋጥልሽ።» ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ልብስ ሰፊዋ ተከትላት ወጥታ በቀጥታ እናቷ ጋ ሄደች። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ እያየ ጆሯቸው ላይ ጎንበስ አለች።

«እማዬ፣ ልጅቷ ሐሙስ ልትገባ ነው። እዚያው ቦታ። አንቺ ካልነገርሻት አታምነኝም።»

እናቷ ቀና እንኳ አላሉም። «አትገባም። ሐዘን ላይ ነን፤ ማን ይገባል?»

«ትገባለች እያልኩሽ!»

«ዝም በይ። የልጄን ስም በአደባባይ አታዝረክርኪ።»

በማግስቱ ረቡዕም እንዲሁ አለፈ። ልብስ ሰፊዋ ለባንክ ሠራተኛዋ አሥር ጊዜ ደወለች፤ አታነሣም። መልእክት ጻፈች፤ ታየ፣ መልስ የለም። ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ «ልብ አያስታምምም» ብሎ ይሄዳል። አንዱ ሽማግሌ ስለ ልብ ሕመም ምልክት ግማሽ ሰዓት አስረዷት። አመሰገነቻቸው! ምን ታድርግ?

ሐሙስ ጠዋት፣ ቤቱ ገና ሳይሞላ፣ ቀሚሱን ከግድግዳው አውርዳ ጭኗ ላይ ዘረጋችና የደረቱን ስፌት መተርተር ጀመረች። ሌላ ምን ልታደርግ እንደምትችል አላወቀችም። ክሩ አንድ በአንድ እየተነቀለ ወለሉ ላይ ይወድቃል።

እናቷ ገቡ። «ሰው መጥቷል፣ አንቺ እዚህ…» ብለው ዓይናቸው ቀሚሱ ላይ አረፈ። ቀረብ አሉ። ሁለቱን ትከሻዎች ይዘው አነሡት፣ አስተካከሉት፣ ግራው ዝቅ አለ። እንደገና አስተካከሉት። አሁንም ዝቅ አለ፤ ጭኗ ላይ መለሱት።

«የሷ ነው» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «መቼ ሰፋሽው?»

«ከመሠራቷ በፊት።»

እናቷ አዩዋት። «ታውቂ ነበራ።»

«አውቄ ነበር እማዬ። እስክትነግረኝ አኩርፌ ስጠብቃት ነበር። ክንዷን ማንሣት ሲያቅታት ዓይኔ አይቷል፣ አይቼ ዝም አልኩ።» እንባዋ መጣ፤ እጇ መተርተሩን አላቆመም። «አንቺ ስሟን ትጠብቂያለሽ፣ እኔ ኩርፊያዬን ስጠብቅ ነበር። አሁን ደግሞ ሌላዋ አራት ሰዓት ላይ ልትገባ ነው።»

እናቷ የስፌቱ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። የቀሚሱን ጫፍ በመዳፋቸው አሹት።

«ለኔ ነግራኛለች» አሉ በመጨረሻ።

«ምን?»

«በአራተኛው ቀን። እማዬ አቃጠለኝ አለችኝ፣ ገልጣ አሳየችኝ። እኔ ደግሞ… ሐኪም ቤት ብንሄድ ማን ያየናል፣ ምን ይሉናል ብዬ ‹እስቲ ነገ እንየው› አልኳት። አልኮል ነካሁላት። ነገ እንየው አልኳት!» ደረታቸውን በቡጢ መቱ፣ አንዴ። «ልብ ነው ያልኩት ለሷ ስም መስሎሻል? ለኔ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ልትቆጣ አልቻለችም።

እናቷ ተነሡ። «ስንት ሰዓት ነው?»

«ሦስት ተኩል ሊሆን ነው።»

«ስልኬን አምጪልኝ።»

ሳሎኑ መሐል ቆመው ደወሉ። የእሳቸውን ስልክ ልጅቷ አነሣች።

«የት ነሽ?… ታክሲ ውስጥ? ውረጂ። ውረጂ አልኩሽ! ስሚኝ ልጄ፣ አክስትሽ ዋሽታሻለች። ልብ አይደለም የገደላት። ያ ቀዶ ጥገና ነው፤ እኔም ቶሎ ባለማድረሴ አለሁበት።» ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ቀና ብሎ አያቸው፤ ጥቁር ሻሽ ያሰረችው ሴትዮም አፏን ይዛለች። እናቷ ስልኩን ሳይዘጉ ወደ እሷ ዞሩ። «ለልጅሽ አድራሻ ስትጠይቂ ነበር አሉኝ። ይኸው ሰማሽ!»

ሴትዮዋ መሬት መሬቱን አየች። አጎትም ሳንቃ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት።

ባንክ ሠራተኛዋ አምስት ሰዓት ግድም መጣች። አላለቀሰችም፣ ማንንም አልሳመችም። በቀጥታ ስፌት ክፍሉ ገብታ በሩ ሥር ቆመች። ልብስ ሰፊዋ የቀሚሱን ደረት ተርትራ ጨርሳለች፤ ጨርቁ ላይ የአሮጌው ስፌት ቀዳዳዎች ብቻ ቀርተዋል።

«ምን ልታደርጊው ነው?» አለች ልጅቷ።

«በሰማንያ መልሼ ልሰፋው።»

«ማን ይለብሰዋል?»

«ማንም።» ልብስ ሰፊዋ አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገች። «ሰማያዊውን ክር ከላይ አውርጂልኝ።»

ልጅቷ ጫማዋን አውልቃ በጣቶቿ ቆመች፣ ሁለቱንም ክንዶቿን እስከ ላይኛው መደርደሪያ ዘረጋች። ሁለቱም ያለችግር ሄዱ።

ልብስ ሰፊዋ ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ተነሥታ ከኋላዋ ቆመች። መዳፏን ከልጅቷ ብብት ሥር፣ ሜትሩ የሚያልፍበት ቦታ ላይ፣ አሳረፈች። ልጅቷ ክሩን ይዛለች፤ ግን መዳፉ እስኪነሣላት ክንዶቿን አላወረደችም።