የከንፈሯ ግራ ጎን

ተለማማጅ ሐኪሞቹ የመንጋጋ ቀዶ ጥገና ሐኪሙን ከኋላው «ዶክተር ጥጥ» ይሉታል። የታችኛው መንጋጋው የተሰበረ ሰው በመጣ ቁጥር፣ ቢላ ከመነሳቱ በፊት የበሽተኛውን ከንፈር በጥጥ ጫፍ እየነካ «ይሰማል?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ፋይል ላይ ካላሰፈረ እንቅልፍ አይወስደውማ። የከንፈርና የአገጭ ነርቭ የሚያልፈው በዚያው አጥንት ውስጥ ነው። ቀድሞ ያልተፈተሸ ከንፈር በኋላ ቢደነዝዝ፣ ያደነዘዘው ስብራቱ ይሁን ሐኪሙ ማን ይፈርዳል? ይህን የዘነጋ ተለማማጅ ከሱ ግልምጫ አያመልጥም።

ትናንት ግን ራሱ ዘነጋው። ሰው ነዋ! አራተኛው ቀዶ ጥገና ነበር፤ እግሩ ዝሏል፣ ወገቡ አልታዘዝ ብሏል። ከደረጃ የወደቀችውን ልብስ ሰፊ ያስገቡለት ማደንዘዣ ሰጪው አስተኝቷት ነው። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ ነርቭ ግን ከፈሰሰ አይለቀምም። መንጋጋዋን ሲከፍት ነርቩ በስብራቱ መሃል ተወጥሮ ታየው። አልተበጠሰም። ጥጡ ትዝ ያለው ያኔ ነው።

«ዶክተር፣ ምነው ቆሙ?» አለች ነርሷ።

«ምንም። እንቀጥል ሲስተር።»

የማሰሪያውን ብረት ከነርቩ ዝቅ አድርጎ ለመግጠም፣ አጫጭር ብሎኖች እየመረጠ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ፈጀ። ያን ሁሉ ጊዜ ነርቩን ገለል አድርጎ ይዞት ነበር። ሲጠነቀቅ ምናልባት ከልክ በላይ ሳበው።

ዛሬ ጠዋት አልጋዋ ዳር ተቀመጠ። ልማዱ ሆኖ አይደለም፤ መቆም አቅቶት ነው። ጥጡን የከንፈሯን ቀኝ ጎን አስነካ። ራሷን ነቀነቀች። በግራ በኩል አስነካ።

«ነኩኝ እንዴ?» አለች። መንጋጋዋ ስለታሰረ ቃሉ የወጣው በጥርሶቿ መሃል ሾልኮ ነው። «ዶክተር፣ እኔ ስፒል በከንፈሬ ይዤ ነው የምሰፋው። ካልተሰማኝ እኮ እውጠዋለሁ። ይሄ ከመውደቄ ነው ወይስ ከቀዶ ጥገናው?»

ከመውደቅዎ ነው ቢላት ማን ይከራከረዋል? ፋይሉ ባዶ ነው። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ለደከመው ሰው ደግሞ ውሸት አልጋ በአልጋ ነው።

«አላውቅም እናቴ» አላት። «አስቀድሜ መፈተሽ ነበረብኝ፣ አልፈተሽኩም። ነርቩ አልተቆረጠም፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ትክ ብላ አየችው። አልጮኸችበትም፤ ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

«ትናንት ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ልታስገቡኝ ስትሉ ልጄ ሳመችኝ» አለች በመጨረሻ። «እዚህ፣ በግራ በኩል። ከንፈሯ ይቀዘቅዝ ነበር።»

እስክሪብቶውን አወጣ። ከቀዶ ጥገናው በፊት የግራ ከንፈሯ ስሜት ሙሉ እንደነበር እሷ በነገረችው መሠረት ፋይሉ ላይ ጻፈና ከሥሩ ፈረመ።