የሁለቱ ድንቢጦች ጅራት ሥር

ሠዓሊዋ ውሃ ልትቀይር ወጥታ ስትመለስ፣ የወፎቹ የሽቦ ቤት ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከወፍ አርቢው ጎረቤቷ የተዋሰቻቸው ሁለት ቀያይ ድንቢጦች በመጋረጃው ዘንግ ላይ ጎን ለጎን ተሰይመዋል።

በሩን ፈጥና ዘጋች። ለልጆች በሚታተመው የወፎች መጽሐፍ ሥዕሏ የሚገባው፣ ዛሬ አርታኢው መጥቶ ከወደደው ብቻ ነው። የፊተኛውን «አንዱን ወፍ ሁለቴ ሣልሽው» ብሎ መልሶባታል። እውነትም ያው ይመስላሉ። ቀይ መንቆር ያለው ከሰው ደጅ የማይጠፋ ደፋር ነው፤ መንቆሩ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ደግሞ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ የሚሽሎከለክ ዓይን አፋር።

«አክስቴ፣ የሁለቱም መንቆር ቀይ ሆኗል!»

አብራት የምትኖረው አክስቷ ቀና ብላ አየች። «ያኛው ቀንቶ ተቀብቶ ነዋ።»

ለካ እውነቷን ነው። ቀይ ቀለሙ ያለበት ሳህን ዙሪያውን በጥቃቅን ዱካ ተዥጎርጉሯል፤ ዓይን አፋሩ ውሃ መስሎት ጠጥቶታል። ሁለቱም ሴቶች ሳቅ አፈናቸው።

ሠዓሊዋ ድንገት አርቢው ያላት ትዝ አላት፤ የዓይን አፋሩ ጅራት ሥር ጥቁር፣ የደፋሩ ቡናማ ነው። ወረቀቷን ይዛ ከዘንጉ ሥር በጀርባዋ ተንጋለለች። አርታኢው ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ የገባው ይኼኔ ነው።

«ምን ነካት?»

«ጅራት እያየች ነው» አለች አክስቲቱ። «እርስዎም ጋደም ይበሉ እንጂ፣ ምንጣፉ ንጹሕ ነው።»

አርታኢው ግራ ቀኙን አየና አናቱን ወደ አናቷ አድርጎ ተጋደመ።

«ጥቁሩ የግራው ነው» አለ።

«የቀኙ ነው፣ ጋሼ።»

«ዓይኔ ተሳስቷል ልትዪኝ ነው?»

«የእርስዎ ግራ የእሷ ቀኝ ነው!» አክስቲቱ ሆዷን ይዛ ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

አርታኢውም ፈገግ አለ። ሠዓሊዋ ተጋድማ እንዳለች ትነድፍ ጀመር፤ ሆድ፣ እግር፣ ጅራት ሥር፣ ሁሉንም ከታች ወደ ላይ።

«ልጆችም ወፍ የሚያዩት አንጋጠው ነው» አለ አርታኢው ንድፉን ሰርቆ እያየ። ይህን ብሎ ሳይጨርስ ግንባሩ ላይ ነጭ ነገር ጠብ አለ።

አለቀልኝ አለች ሠዓሊዋ በሆዷ።

«ከየትኛው ነው?» አለ ሳይንቀሳቀስ።

«ከ... ከጥቁሩ።»

«እንግዲያው ለይተሻቸዋል» አለና መሐረቡን አወጣ። «በይ ሳይበሩብሽ ቶሎ ሣያቸው፤ መጽሐፉ ውስጥ ገብተዋል።»