የአያ አድማሴ ክርስትና ስም

በቢሯችን የቦታ ካርታ ሲስተም ላይ ማን ምን መክፈት እንደሚችል የምወስነው እኔ ሒክማ ነኝ። የይለፍ ቃሉ የጠፋበት ሰው ስክሪኑ ላይ የሚወጣለትን አንድ የሚስጥር ጥያቄ መልሶ ይገባል። ኃላፊያችን አያ አድማሴ መልሱን ክርስትና ስማቸው አደረጉት። «ከንስሐ አባቴ በቀር የሚያውቀው የለም» አሉኝ።

ያረፉ ዕለት አካውንታቸውን ልዘጋ ስል ምክትላቸው ሰውአገኝ ተቆጣኝ። «ምነው ሒክማ፣ ሠልስቱ እንኳ ሳይወጣ የሰው ስም ይፋቃል?» አለኝ። አፈርኩና ተውኩት። ያ እፍረት ዛሬም ያንገበግበኛል።

ቁስቋም ቀብሩ ላይ ቄሱ በፍትሐቱ መሀል «ገብረ ሕይወት» ብለው ጠሯቸው። የቢሮው ሰው ሁሉ ሰማ። ሰውአገኝ ከሳጥኑ ራስጌ ቆሞ ያለቅስ ነበር። እኔም ሐዘን ላይ ነበርኩና ልቤ ወደ ሲስተሙ አልሄደም።

በአራተኛው ቀን ሥራ ገብቼ ማን መቼ እንደገባ የሚያሳየውን የሲስተሙን መዝገብ አየሁ። በተቀበሩ ማግስት የአያ አድማሴ አካውንት በሚስጥር ጥያቄው ተከፍቷል። ባሏ የሞተባት የአንዲት ሴት ቦታ በእሳቸው ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ዞሯል። የተከፈተበት ኮምፒውተር የሰውአገኝ ነው።

ከወንበሬ ሳልነሳ ሰውአገኝ አንኳኩቶ ገባ። ጥቁር ለብሷል፤ ዓይኑ አብጧል።

«ሠልስቱም ወጣ» አለኝ ቀስ ብሎ። «በይ እንግዲህ፣ አሁን አጥፊላቸው።»